የመጻተኛው ማረፊያ፦ የቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ሕይወትና እንግዳን የመቀበል አገልግሎቱ

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀጰዶቅያ ቂሳርያ ኤጲስ ቆጶስ የነበረውን የቅዱስ ባስልዮስን ሕይወት ከአንድ አቅጣጫ ይመረምራል፤ ይኸውም ለእንግዶች፣ ለተራቡና ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች ከሰጠው አገልግሎት አንጻር ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ባስልዮስ እንግዳ መቀበልን የአንድ ደግ ሰው ትሩፋት ከመሆን አሳልፎ ሕንፃ፣ ባለሙያና ገቢ ያለው ቋሚ ተቋም አደረገው የሚል ነው። ለዚህም የቤተሰቡ የስደት ትዝታ፣ የረኃብ ዘመን ልምዱና የገዳም ሥርዓቱ ምክንያት ሆነዋል። በመጨረሻም ተቋሙ ያስነሣው የኃላፊነት ጥያቄ ባጭሩ ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ ሲጠና ባለቤቱ ማንነቱን አጥብቆ ሳይጠይቅ ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ጽኑ መሠረት ያለው ቢሆንም ድንበር አለው። አንድ ቤት አንድ እንግዳን፣ ቢበዛም ጥቂት ሰዎችን ያሳድራል። እንግዶቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የመጡትም ለአንድ ሌሊት ሳይሆን የሚመለሱበት ቤት አጥተው ሲሆን፣ ግማሾቹም ታመው ሲገኙ፣ የባለቤቱ ደግነት ብቻውን አይበቃም። የቅዱስ ባስልዮስን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንደ ሰጠ ሕይወት አድርጎ ማንበብ ይቻላል።

የባስልዮስ ስም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በተለይ በስሙ ከሚጠራው ቅዳሴ ጋር ይታወሳል። ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈው ድርሳንም በነገረ መለኮት ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከ300 በላይ በሚሆኑ ደብዳቤዎች ስብስብ፣ በረኃብ ዘመን በሰበካቸው ስብከቶችና ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ካረፈ በኋላ ባቀረበለት የውዳሴ ንግግር ውስጥ ሌላ ባስልዮስ ይገኛል። ይህኛው ስለ ቀረጥ የሚጽፍ፣ ከአገረ ገዢ የሚሟገት፣ ሽርጥ ታጥቆ ድስት አጠገብ የሚቆም አባት ነው። ጽሑፉ የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው።

ስደትን የሚያስታውስ ቤተሰብ

ባስልዮስ በ330 ገደማ በቀጰዶቅያና በጳንጦስ ሰፊ ርስት ከነበረው ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ባስልዮስ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር፤ እናቱ ኤሚሊያ ትባላለች። ሆኖም ባለጸጋው ቤተሰብ የመከራ ትዝታ ነበረው። ጎርጎርዮስ እንደሚተርከው፣ በመክሲሚኖስ ዘመን ስደት የባስልዮስ የአባቱ ወላጆች ቤታቸውን ጥለው ወደ ጳንጦስ ተራሮች ሸሹ፤ ሰባት ዓመት ያህልም ለብርድና ለዝናብ ተጋልጠው በጫካ ኖሩ። ንብረታቸውም ተወረሰ። የእናቱ አባት ደግሞ በነገሥታት ቁጣ ተገደለ፤ ሀብቱም ለሌሎች ተሰጠ።

ከጫካው ከተመለሱት አንዷ አያቱ ማቅሪና ነበረች። ባስልዮስ ሃይማኖትን ገና በሕፃንነቱ የተማረው ከእርሷ እንደሆነ በደብዳቤዎቹ ይመሰክራል። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያ መምህሩ ቤት አልባ ሆና የኖረች ሴት ነበረች ማለት ይቻላል። የኋላ ሥራውን ከዚህ ትዝታ ብቻ መተንተን ማቃለል ይሆናል፤ ነገር ግን ርስትና ማዕረግ በአንድ አዋጅ ሊጠፉ እንደሚችሉ ከልጅነቱ ጀምሮ በቤቱ ሲነገር እንደ ሰማ አያጠራጥርም።

ትምህርት፣ ጉዞና ምናኔ

ባስልዮስ በቂሳርያ፣ በቁስጥንጥንያና በአቴና ተማረ። በአቴና ከጎርጎርዮስ ጋር ጽኑ ወዳጅነት መሠረተ። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ዩልያኖስም በ355 በዚያው ከተማ ተማሪ ነበር። ባስልዮስ ወደ አገሩ ተመልሶ ለጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ ለሹመትና ለዝና የተዘጋጀውን መንገድ ተወ። ወደ ግብፅ፣ ፍልስጥኤም፣ ሶርያና መስጴጦምያ ተጉዞ መናንያንን ጎበኘ፤ ተጠመቀ፤ ከዚያም በኢሪስ ወንዝ ዳር በጳንጦስ በሚገኘው የቤተሰቡ ርስት መነነ።

በዚህ ወቅት ሁለት ሰዎች በአስተሳሰቡ ላይ ተጽዕኖ አሳድረዋል። የመጀመሪያዋ ታላቅ እኅቱ ማቅሪና ናት። የአያቷን ስም የወረሰችው ይህች እኅት የቤተሰቡን ርስት ባሮችና እመቤቶች በአንድ ማዕድ የሚቀመጡበት ማኅበር አድርጋው ነበር። ሁለተኛው ኤዎስጣቴዎስ ዘሰበስጥያ ነው። ይህ አባት በከተማው የድኾችና የእንግዶች መጠለያ አቋቁሞ ነበር። ኋላ በመንፈስ ቅዱስ ትምህርት ምክንያት ከባስልዮስ ጋር ተለያዩ፤ ይሁን እንጂ ለባስልዮስ ተቋም ከቅርብ ከሚገኙት አርአያዎች አንዱ የእርሱ መጠለያ ነው። ስለዚህ ባስልዮስ ሐሳቡን ከምንም አልፈጠረውም ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ለእንግዳ ይደረግ የነበረው እንክብካቤ በውጭ ባሉትም ዘንድ ይታይ ነበር። ዩልያኖስ በ362 ለገላትያ ሊቀ ካህናተ ጣዖት ጻፈው የሚባለው ደብዳቤ ክርስቲያኖች ለእንግዳ በሚያደርጉት ቸርነት እየበረቱ መሄዳቸውን ጠቅሶ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ ያዛል፤ ለዚህም በያመቱ 30,000 ሞዲ እህል ይመድባል። በደብዳቤው እውነተኛነት ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ደብዳቤው ያም ሆነ ይህ እንግዳ መቀበል በዚያ ክፍለ ዘመን የሃይማኖቶች መፎካከሪያ ሆኖ ይታይ እንደነበር ያሳያል።

የረኃቡ ዘመን

ባስልዮስ ቅስና ተቀብሎ በኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ሥር ሲያገለግል ሳለ፣ በ368 እና በ369 አካባቢ ቀጰዶቅያን ጽኑ ድርቅ መታት። ክረምቱ ያለ በረዶ አለፈ፤ የጸደዩም ዝናብ ቀረ፤ ምንጮችና ወንዞች ነጠፉ። ጎርጎርዮስ የረኃቡን መባባስ ሲያስረዳ የኢኮኖሚ ምክንያት ያቀርባል። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች የጎደላቸውን በመርከብ ያስመጣሉ፤ የተረፋቸውንም ይልካሉ። ቂሳርያ ግን ከባሕር የራቀች ስለሆነች በጥጋብ ጊዜ መሸጥ፣ በችግር ጊዜም ማስመጣት ያዳግታት ነበር። እህል ያከማቹ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ዋጋው እንዲንር ጎተራቸውን ዘግተው ጠበቁ።

ባስልዮስ በዚህ ጊዜ የሰበካቸው ስብከቶች የረኃብን አካሄድ በዝርዝር ያሳያሉ። ሰውነት እንዴት እንደሚከሳ፣ ቆዳ በአጥንት ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚደክም ይገልጻል። ልጆቹን በሞት ላለማጣት ከመካከላቸው አንዱን ለመሸጥ የተገደደ አባት የትኛውን ልስጥ እያለ ሲጨነቅ ያሳያል። ሰሚው ይህን ካየ በኋላ ወደ ክርክሩ ይገባል፤ በጎተራ ተዘግቶ የተቀመጠ እህል የባለ ጎተራው ሳይሆን የተራበው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የሚከለክል ሰው ንፉግ ብቻ ሳይሆን የሌላውን የያዘ ሰው ነው ይላል። ይህ ክርክር ምጽዋትን ከፈቃደኝነት ወደ ፍትሕ ያሸጋግረዋል። መጻተኛው ቸርነት የሚለምን መሆኑ ቀርቶ ድርሻው የተያዘበት ሰው ይሆናል።

በስብከቱም ባለጎተራዎችን አስከፈተ። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እንደሚመሰክረው የራሱንም ውርስ ለድኾች አውጥቶታል። የተራቡትን ወንድ ሴት፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በአንድ ስፍራ ሰበሰበ፤ የጥራጥሬ ሾርባ በትላልቅ ድስቶች እያሠራ አበላ፤ ሽርጥ ታጥቆም እግራቸውን አጠበ። በዚያው ጊዜ እኅቱ ማቅሪና በጳንጦስ መንገድ ላይ ወድቀው ያገኘቻቸውን ሴቶች ልጆች አንሥታ አሳደገች። ታናሽ ወንድማቸው ጴጥሮስም ወደ ርስታቸው ይጎርፍ የነበረውን ሕዝብ በመመገቡ ምድረ በዳው በሰው ብዛት ከተማ መሰለ። የተራበ ሰው ቀዬውን ለቆ ይሄዳል፤ በመሆኑም ረኃቡን ማስታገስና ተፈናቃዩን መቀበል ለዚህ ቤተሰብ አንድ ሥራ ነበሩ።

የተከፈለችው አውራጃና የተፈናቀሉት

ባስልዮስ በ370 የቂሳርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ብዙ ሳይቆይም ሌላ ዓይነት መፈናቀል ገጠመው። በ371 እና በ372 መካከል ንጉሠ ነገሥት ቫሌንስ ቀጰዶቅያን ለሁለት ከፈላት። ከቂሳርያ ምክር ቤት አባላት ብዙዎቹ ቤታቸውን ለቀው በታውሮስ ተራሮች መተላለፊያ ወደምትገኘው ወደ ፖዳንዶስ እንዲዛወሩ ታዘዘ። ባስልዮስ ስፍራውን ለሰው መኖሪያ የማይመች ጉድጓድ አድርጎ ይገልጸዋል።

በቤተ መንግሥት ሥልጣን ላላቸው ሰዎች የጻፋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የከተማይቱን ሁኔታ ያሳያሉ። ጉባኤዎቿ ዝም አሉ፤ የትምህርትና የስፖርት ስፍራዎቿ ተዘጉ፤ ሌሊት መንገዶቿን የሚያበራ ጠፋ። ከአባላቱ ከፊሉ ተወሰደ፤ ከፊሉም ሸሽቶ ተበተነ። ባስልዮስ እነዚህ ሰዎች ሀብታሞች ስለነበሩ ርኅራኄ አይገባቸውም አላለም። ከጥቂት ዓመት በፊት ጎተራ ዘጉ ብሎ የወቀሰው ይህንኑ መደብ ነበር። አሁን ግን ተፈናቃዮች ሆነዋልና ስለ እነርሱ ማለደ። ልመናው አልተሳካም፤ ጥያናም የአዲሱ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። ሆኖም ደብዳቤዎቹ አንድ አቋሙን ግልጽ ያደርጋሉ፤ ርኅራኄውን የሚወስነው የሰውየው የቀድሞ ማዕረግ ሳይሆን ያለበት ችግር ነው።

በዚያው ዘመን ቫሌንስ አርዮሳዊውን ወገን ይደግፍ ስለነበር ሹሙ ሞደስቶስ ባስልዮስን በመወረስ፣ በግዞትና በሞት አስፈራራው። ጎርጎርዮስ እንደሚተርከው ባስልዮስ ከጥቂት ልብስና መጻሕፍት በቀር የሚወረስ እንደሌለው፣ የትኛውም ምድር የራሱ ስላልሆነና በሁሉም ስፍራ መጻተኛ ስለሆነ ግዞት እንደማያስፈራው መለሰ። መልሱ የድፍረት ብቻ አይደለም። እንግዳን የሚቀበል ሰው ራሱም በምድር እንግዳ መሆኑን ማወቁ የአገልግሎቱ ሥር ነበር።

አዲሲቱ ከተማ

ረኃቡ ካለፈ በኋላ ባስልዮስ የጊዜያዊውን እርዳታ ወደ ቋሚ ሥራ ለወጠው። ከቂሳርያ ወጣ ብሎ ያሠራው የሕንፃዎች ስብስብ በታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን ዘመን ባስልያስ በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ጎርጎርዮስም አዲስ ከተማ አድርጎ ያቀርበዋል።

ስለ አሠራሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ባስልዮስ ለአገረ ገዢው ለኤልያስ የጻፈው የመከላከያ ደብዳቤ ነው። ሕንፃው የመንግሥትን ጥቅም ይጎዳል የሚል ክስ ቀርቦበት ስለነበር ሥራውን መዘርዘር ግድ ሆነበት። በመካከል ቤተ ጸሎት አለ፤ በዙሪያው የካህናት መኖሪያ አለ፤ ከዚያም ለመጻተኞች፣ ለመንገደኞችና ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ማረፊያዎች ተሠርተዋል። አስታማሚዎች፣ ሐኪሞች፣ የጭነት እንስሳትና መንገደኛን የሚሸኙ ሰዎች ተመድበዋል። ለእነዚህም የሚያስፈልጉ የእጅ ሙያዎችና የሥራ ቤቶች አሉ። ሸኚና የጭነት እንስሳ መጠቀሳቸው ልብ ሊባል ይገባል። እንግዳውን ማሳደር ብቻ ሳይሆን ወደሚሄድበት በደኅና ማድረስም የአቀባበሉ ክፍል ነበር።

ገቢውንም በሚመለከት ባስልዮስ ደጅ ከመጥናት አልቦዘነም። በገጠር ኤጲስ ቆጶሳት ኃላፊነት ሥር ለነበሩ የድኾች ቤቶች ከቀረጥ ነፃ እንዲሆኑ ለግብር ሹማምንት ጽፏል። ቴዎዶሪጦስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፣ በሃይማኖት ይቃወመው የነበረው ቫሌንስ እንኳ በባስልዮስ ሥር ላሉት ድኾች መሬት ሰጥቷል። እንግዲህ ተቋሙ በሦስት ምሰሶዎች ቆሞ ነበር፤ በምእመናን ስጦታ፣ በመሬት ገቢና በቀረጥ ምሕረት።

ከተቀበሏቸው ሰዎች መካከል የሥጋ ደዌ ሕሙማን የተለየ ስፍራ አላቸው። እነዚህ ሰዎች ከከተማ፣ ከገበያ፣ ከውኃ ምንጭ፣ ከገዛ ቤተሰባቸውም የተባረሩ ስለነበሩ በቁማቸው እንደ ሞቱ ይቆጠሩ ነበር። ጎርጎርዮስ እንደሚመሰክረው ባስልዮስ ከታላቅ ወገን ተወልዶ ሳለ እንደ ወንድሞቹ እየሳመ ይቀበላቸው ነበር። ከባዕድ አገር የመጣው መንገደኛና በገዛ አገሩ የተገፋው ሕመምተኛ በአንድ ግቢ ተቀመጡ። ይህም የመጻተኛን ትርጉም ያሰፋዋል፤ መጻተኛ ከሩቅ የመጣ ብቻ ሳይሆን ስፍራ የተነፈገ ሁሉ ነው።

እንግዳ በገዳም ሥርዓት

ባስልዮስ ለመናንያን በጥያቄና መልስ መልክ ያዘጋጀው ሥርዓት ለተቋሙ የሰው ኃይል ምንጭ ነበር። ከሥርዓቱ መልሶች አንዱ ብቻውን የሚኖር መናኝ እግሩን የሚያጥብለት፣ የሚያገለግለው ሰው እንደሌለው ያስገነዝባል። ለባስልዮስ ምናኔ ያለ ባልንጀራ ሙሉ አይደለም። ገዳሙም ከከተማ ፈጽሞ የራቀ ሳይሆን ችግረኛው ሊደርስበት የሚችል መሆን አለበት።

እንግዳን ስለ መመገብ የሰጠው መመሪያም ጠቃሚ ነው። እንግዳ መጣ ተብሎ ማዕዱ በብዙ ዓይነት ምግብ እንዲሞላ አይፈቅድም። እንግዳው መናኝ ከሆነ የለመደውን ማዕድ ያገኛል፤ ዓለማዊ ከሆነም መጠንን በተግባር ይማራል። መመሪያው ከንፉግነት የመጣ አይደለም። ድግስ የባለቤቱን ክብር ያሳያል፤ ለጥቂቶችም ይበቃል። ቀላል ማዕድ ግን ለብዙዎች፣ ለብዙ ቀንም ይዘልቃል። ቋሚ አቀባበል የሚቻለው መጠን ሲኖረው እንደሆነ ባስልዮስ ከረኃቡ ዘመን ተምሯል።

በግዞት ያሉትን ማሰብ

ርኅራኄው በግቢው አጥር አልተወሰነም። በ374 ወደ ትራቄ ለተጋዘው ወዳጁ ለአውሳብዮስ ዘሳሞሳጣ እየጻፈ አጽናንቶታል። ከግብፅ ተሰደው በፍልስጥኤም ዲዮቂሳርያ ለነበሩ ኤጲስ ቆጶሳትም ጽፏል። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ከመንበሩ ተሰዷል። በ371 ገደማ ወደ ሮም በላከው ደብዳቤ ደግሞ ከመቶ ዓመት ያህል በፊት የሮሙ ዲዮናስዮስ የቀጰዶቅያን ምርኮኞች ለማስቤዠት ገንዘብ መላኩን ያስታውሳል። የቂሳርያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ አንድ ጊዜ የሩቅ ሰዎች ርኅራኄ ተቀባይ እንደነበረች አልዘነጋም። ሰጪና ተቀባይ በዘመን ብዛት ስፍራ ሊለዋወጡ እንደሚችሉ ይህ ትዝታ ያሳያል።

ዕረፍቱና ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጥያቄ

ባስልዮስ ከልጅነቱ ጀምሮ ሕመምተኛ ነበር። በቆየው ትውፊት መሠረት በ379 የጥር ወር በገባበት ዕለት ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ዐረፈ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዕረፍቱን ጥር 6 ቀን ታስባለች። ጎርጎርዮስ እንደሚተርከው በቀብሩ ላይ ክርስቲያኖች ብቻ ሳይሆኑ አይሁድ፣ አሕዛብና መጻተኞችም አብረው አለቀሱ፤ ከሕዝቡም ግፊያ የተነሣ የሞቱ ነበሩ። ተቋሙም ከእርሱ በኋላ ቀጠለ። ሶዞሜን በኃላፊነት የመራውን ጵራጲድዮስ የተባለ አባት ስም ይጠቅሳል።

ይሁን እንጂ የተቋሙ መስፋፋት አዲስ ችግር አመጣ። በ400 ገደማ በቁስጥንጥንያ ይሰብክ የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ እንግዳ ሲመጣባቸው ቤተ ክርስቲያን ማረፊያ አላት እያሉ ከኃላፊነት የሚሸሹ ምእመናንን ገሥጿል። እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ለመጻተኛ የሚሆን ክፍል እንዲያዘጋጅም አሳሰበ። ዮሐንስ ራሱ የሕሙማን ቤቶችን ያቋቋመ ስለሆነ ተግሣጹ ተቋማትን ለመንቀፍ አልነበረም። የተቃወመው ተቋሙ የምእመኑ ሰበብ መሆኑን ነው።

ይህን ጥያቄ በባስልዮስ ሕይወት ብርሃን ስናየው፣ በእርሱ ዘንድ ተቋምና ግለሰብ ተነጣጥለው እንዳልቆሙ እንረዳለን። ሐኪም ቀጠረ፤ ሕመምተኛውን ግን ራሱ ሳመ። የቀረጥ ምሕረት ለመነ፤ ውርሱን ግን አስቀድሞ ሰጠ። ባለጎተራውን ወቀሰ፤ ባለጎተራው ሲፈናቀል ግን ደብዳቤ ጻፈለት።

መደምደሚያ

ከዚህ አጭር ዳሰሳ ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የባስልዮስ እንግዳ ተቀባይነት ከስሜት ብቻ የመነጨ አይደለም፤ የተረፈው ሀብት የችግረኛው ድርሻ ነው በሚል የፍትሕ ክርክር ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛ፣ ብዛት ያለውን መፈናቀል ለመቀበል አስተዳደር እንደሚያስፈልግ ተገንዝቦ ሕንፃን፣ ሙያን፣ ገቢንና መጠንን አስተባብሯል፤ ለዚህም ከሥልጣን ጋር መጋፈጥና መደራደር አስፈልጎታል። ሦስተኛ፣ መጻተኛ የሚለውን ቃል በረኃብ የተሰደደውን፣ በአዋጅ የተፈናቀለውን፣ በደዌ የተባረረውንና በእምነት የተጋዘውን እንዲያካትት አስፍቶታል።

የቅዳሴውና የነገረ መለኮት ድርሳኑ ባለቤት ተብሎ የሚታወቀውን አባት ከደብዳቤዎቹ ጋር አቀናጅቶ ማጥናት፣ በዛሬው ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው በሚፈናቀልበት አካባቢ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ጠቃሚ መስክ ነው። ጥናቱ ተቋማት ምን ያህል ሰው እንደተቀበሉ በመቁጠር ቢወሰን ግን የባስልዮስን ግማሽ ብቻ ያገኛል። የቂሳርያው ግቢ ሲመዘን፣ ግቢው በመኖሩ ምክንያት የከተማይቱ ቤቶች በራቸውን ከፈቱ ወይስ ዘጉ የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት።